የእህል መጋዘን ድመቶች የሆድ ድርቀት፤ መለያውና አያያዙ

1. መግቢያ

አይጥን ለመከላከል በጎተራና በእህል መጋዘን አካባቢ ድመት ማኖር በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። አይጥ በመጋዘን ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት በበላው እህል ብቻ የሚለካ አይደለም። ጆንያና ማዳበሪያ ይቀዳል፤ የቀረውን እህል በሽንቱና በኩሱ ያበላሻል፤ ለዘር የተቀመጠውንም ፍሬ ከጽንሱ በኩል ስለሚቆረጥመው ዘሩ ሳይበቅል ይቀራል። ድመት ብቻዋን የመጋዘንን አይጥ ታጠፋለች ማለት አይደለም። ንጽሕና፣ ቀዳዳ መድፈንና ጆንያን ከመሬትና ከግድግዳ አርቆ መደርደር ዋናዎቹ ሥራዎች ናቸው። ሆኖም እነዚህ ሥራዎች በተሠሩበት መጋዘን ውስጥ አንዲት ጤነኛ ድመት ጥሩ ረዳት መሆኗ የታወቀ ነው።

ይሁን እንጂ ለመጋዘኑ ድመት ጤንነት የሚደረገው ጥንቃቄ አነስተኛ ነው። ማኅበራት ለሚዛን፣ ለጆንያና ለመድኃኒት በጀት ሲመድቡ፣ ድመቷ ግን ያገኘችውን በልታ እንድትኖር ትተዋለች። በዚህ ምክንያት ከሚደርሱባት ችግሮች አንዱ የሆድ ድርቀት ነው። የሆድ ድርቀት በጊዜ ከታወቀ በአብዛኛው በቀላል እንክብካቤ የሚስተካከል ነው። ችግሩ የሚከፋው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሳይታወቅ ብዙ ቀን ሲቆይ ነው። ሁለተኛውና የበለጠው አደጋ ግን ሌላ በሽታ ሆኖ ሳለ ድርቀት ነው ተብሎ ጊዜ ሲባክን ነው።

ይህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኞች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኃላፊዎችና የመጋዘን ሠራተኞች ችግሩን ለይተው እንዲያውቁ፣ ራሳቸው ሊያደርጉት የሚገባውንና ለእንስሳት ሐኪም የሚተዉትን እንዲለዩ ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

2. የሆድ ድርቀት ምን ማለት ነው?

ጤነኛ ድመት በአብዛኛው በቀን አንድ ጊዜ፣ አንዳንዷም በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ዓይነ ምድር ትወጣለች። ጤናማ ዓይነ ምድር ቅርጽ ያለው፣ ጠቆር ያለ ቡናማና በመጠኑ እርጥብ ነው። ዓይነ ምድሩ በትልቁ አንጀት ውስጥ ከሚገባው በላይ ሲቆይ፣ ሲደርቅና ለመውጣት ሲያስቸግር የሆድ ድርቀት ተፈጠረ ይባላል።

የትልቁ አንጀት አንዱ ሥራ ከምግብ ቅሪት ውስጥ ውሃን መጥጦ ወደ ደም መመለስ ነው። ቅሪቱ በጊዜው ከወጣ የሚመጠጠው ውሃ መጠነኛ ነው። ከቆየ ግን አንጀቱ ውሃውን መምጠጡን ስለማያቋርጥ ቅሪቱ ይደርቃል፤ የደረቀውም ለመውጣት ስለሚያም ድመቷ ትይዘዋለች፤ በያዘችው ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይደርቃል። ድርቀት ድርቀትን ይወልዳል የሚባለው ስለዚህ ነው። ይህ ሁኔታ እየተደጋገመ ለብዙ ጊዜ ከቆየ አንጀቱ ተለጥጦ የመግፋት ኃይሉን ያጣል። እዚህ ደረጃ የደረሰች ድመት ዕድሜ ልኳን ክትትል የሚያስፈልጋት ትሆናለች። ስለዚህ ችግሩን በመጀመሪያው ሳምንት መያዝና በስድስተኛው ወር መያዝ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

3. ምክንያቶች

ሀ. የውሃ ማነስ። ብዙ ሰው ድመት ውሃ አትጠጣም ብሎ ያምናል። ይህ እምነት የመጣው አይጥ አድና የምትበላ ድመት ውሃ ስትጠጣ እምብዛም ስለማትታይ ነው። ከአንዲት አይጥ ሰውነት ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ገደማው ውሃ ስለሆነ፣ ድመቷ ውሃዋን ከምትበላው ታገኛለች። አይጥ በቀነሰበትና ድመቷ በድርቆሽ፣ በቋንጣ ቁራጭና በአጥንት በምትኖርበት ጊዜ ግን ይህ ምንጭ ይቋረጣል። 4 ኪሎ ግራም የምትመዝን ድመት ከምግቧም ከመጠጧም በጠቅላላው በቀን 200 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋታል። ይህም ወደ ሦስት የቡና ስኒ የሚጠጋ ነው። በሳምንት መጨረሻ ተዘግቶ ሰኞ በሚከፈት መጋዘን ውስጥ ያለ ውሃ የምትቆይ ድመት ለድርቀት የተጋለጠች ናት።

ለ. አጥንት። የተቆረጠመ አጥንት ስብርባሪው በትልቁ አንጀት ውስጥ ተጠራቅሞ እንደ ኖራ የነጣና የጠጠረ ዓይነ ምድር ይሆናል። ከበዓል በኋላ የሚታይ ድርቀት በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው።

ሐ. ፀጉር። ድመት ሰውነቷን ስትልስ ፀጉር ትውጣለች። ፀጉሯ ረጅም በሆነ ወይም በቁንጫ ምክንያት አብዝታ በምትልስ ድመት ላይ የተዋጠው ፀጉር ከቅሪቱ ጋር ተጠቅልሎ ይቋጠራል።

መ. ሲባጎና የጆንያ መስፊያ ክር። ይህ የመጋዘን ልዩ ችግር ነው። ድመት በክር ስትጫወት ትውጠዋለች። የተዋጠ ክር አንጀትን እንደ ከረጢት አፍ ሰብስቦ ሊቆርጠው ይችላል። ይህ ተራ ድርቀት ሳይሆን ለሕይወት የሚያሰጋ መዘጋት ነው።

ሠ. የመጸዳጃ ቦታ ማጣት። ድመት ንጹሕና ጸጥ ያለ፣ ልትጭረው የምትችለው ለስላሳ ቦታ ትፈልጋለች። በሲሚንቶ ወለል ላይ የተዘጋባት ድመት ወይ በእህሉ ክምር ላይ ትጸዳዳለች፣ ወይ ትይዘዋለች። የመጀመሪያው ማኅበሩን ይጎዳል፤ ሁለተኛው ድመቷን ይጎዳል።

ረ. ጉዳትና ሕመም። በመኪና ተገጭታ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ በጠማማው የገጠመ ድመት መውጫው ይጠብባታል። በፊንጢጣ አካባቢ የሚወጣ እባጭ፣ በዚያ ላይ የተጣበቀ ፀጉርና በድመቶች ጠብ የመጣ የንክሻ ቁስል መጸዳዳትን ያሳምማሉ። በዕድሜ የገፉ ድመቶችን ደግሞ የኩላሊት በሽታ ውሃቸውን ስለሚያሳጣቸው፣ የመገጣጠሚያ ሕመምም መቀመጥን ስለሚያስቸግራቸው ድርቀት ይደጋገምባቸዋል።

4. ምልክቶች

ድመት ሕመሟን የምትደብቅ እንስሳ ስለሆነች ምልክቱን ፈልጎ ማየት ያስፈልጋል። ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦

— ለመጸዳዳት ደጋግማ ትቀመጣለች፤ ታምጣለች፤ አንዳንድ ጊዜም ትጮሃለች፤
— የምታወጣው ዓይነ ምድር ጥቂት፣ ደረቅ፣ እንደ በግ በጠጥ የተቆራረጠ ነው፤
— ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ምንም ሳታወጣ ትቆያለች፤
— የምግብ ፍላጎቷ ይቀንሳል፤ ጀርባዋን አጉብጣ ትቀመጣለች፤ ሆዷን ሲነኳት ትቆጣለች፤
— አደኗን ትተዋለች፤ ፀጉሯን መላሷን ስለምታቆም ፀጉሯ ይጎፈራል፤
— ሲብስባት ታስመልሳለች።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባ አንድ አሳሳች ምልክት አለ። አንጀቷ በደረቀ ዓይነ ምድር ተዘግቶ እያለ፣ በጎኑ ጥቂት ቀጭን ፈሳሽ፣ ንፍጥ ወይም የደም ጠብታ ሊወጣ ይችላል። ይህን ያየ ሰው ተቅማጥ ነው ብሎ የተቅማጥ መድኃኒት ቢሰጥ ችግሩን ያብሰዋል። ስለዚህ የወጣውን ብቻ ሳይሆን ያልወጣውንም ማሰብ ያስፈልጋል።

5. ከሁሉ በፊት፤ ሽንት ነው ወይስ ዓይነ ምድር?

የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክት በዚህ ክፍል ያለው ነው። ጥግ ይዛ የምታምጥ ድመት ሁሉ ሆዷ የደረቀ አይደለችም። የሽንት ቧንቧው የተዘጋ ድመት አቀማመጡም ማማጡም ጩኸቱም የሆድ ድርቀት ካለበት ድመት ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ በጊዜው ነው። ቀላል ድርቀት ቀናት ይሰጣል፤ የተዘጋ ሽንት ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል። ሽንት ሲታገድ በኩላሊት መወገድ የነበረበት መርዝ ወደ ደም ይመለሳል፤ በደም ውስጥ የሚከማቸው ፖታሲየምም ልብን ያቆማል። ይህ ችግር በአብዛኛው የሚደርሰው በወንድ ድመቶች ላይ ነው። የወንዱ የሽንት ቧንቧ ረጅምና ጠባብ ሲሆን የሴቷ አጭርና ሰፊ ስለሆነ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ይህን የተማረው ከራሱ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዘር ክምችት ለማየት ወደ አንድ መጋዘን ሄጄ ሳለሁ፣ የመጋዘኑ ዘበኛ አንድ ወንድ ድመት ከትናንት ጀምሮ በሚዛኑ ሥር እየተቀመጠ እንደሚያምጥ ነገሩኝና ምን እንደሚሻል ጠየቁኝ። የተማርኩት ስለ ሰብል ቢሆንም አላውቅም ማለት ከበደኝ። ሆዱ ደርቋል፣ ዘይት ይስጡት አልኩ። እርሳቸውም እንደተባሉት አደረጉ። ድመቱ በማግስቱ ሞተ። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆዱን ሲከፍተው አንጀቱ ምንም አልነበረበትም፤ ፊኛው ግን በሽንት ተወጥሮ እንደ ብርቱካን አክሎ ነበር። ዘበኛው አንድ ጥያቄ ብቻ ብጠይቃቸው ኖሮ መልሱ ነበራቸው፤ ይኸውም ሽንቱን ያዩት መቼ እንደሆነ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አሸዋው እርጥብ ሆኖ አላዩትም።

ስለዚህ የሚያምጥ ድመት ሲያጋጥም ከማንኛውም ምክር በፊት የሚከተሉትን ማጣራት ግዴታ ነው፦

አንደኛ፣ ድመቱ ወንድ ነው ወይስ ሴት?

ሁለተኛ፣ ባለፉት 12 ሰዓታት ሽንት ታይቷል ወይ? አሸዋው ወይም አፈሩ ረጥቧል ወይ? ካልታወቀ ድመቱን ንጹሕ ደረቅ አሸዋ ካለበት ሣጥን ጋር ለብቻው አድርጎ ለጥቂት ሰዓት መከታተል ይቻላል። በዚህ ጊዜ እያማጠ ምንም ካላወጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ድመቱ የሽንቱን መውጫ አብዝቶ ይልሳል ወይ? ጠብታ ብቻ፣ ወይም ደም የቀላቀለ ጠብታ ያወጣል ወይ? በየጥቂት ደቂቃው እየተመላለሰ ይቀመጣል ወይ? እነዚህ ወደ ሽንት የሚያመለክቱ ናቸው።

አራተኛ፣ ከታፋዎቹ ፊት ያለውን የሆዱን ክፍል በመዳፍ ቀስ ብሎ መዳሰስ ነው። የደረቀ ዓይነ ምድር ከጀርባ አጥንት በታች እንደ ተደረደረ ጠጠር፣ ወይም እንደ ጠንካራ ዱላ በርዝመቱ ይዳሰሳል። በሽንት የተወጠረ ፊኛ ግን ወደ ታች በኩል አንድ ክብ ጠንካራ ኳስ ሆኖ ይገኛል። ይህ ዳሰሳ ልምድ ይጠይቃል፤ ካልለየለት ባይሞከር ይመረጣል። ፊኛውን መጫንና ሽንቱን በእጅ ለማውጣት መሞከር ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ሊፈነዳ ይችላል።

ሽንት መኖሩ ካልተረጋገጠ ድመቱ በዚያው ዕለት ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ይወሰድ። ጨለማ፣ በዓል ወይም የገበያ ቀን ምክንያት ሊሆን አይገባም።

6. ቀላል ድርቀት ሲሆን የሚደረግ እንክብካቤ

ሽንት በደንብ መኖሩ ከተረጋገጠ፣ ድመቷ ንቁ ከሆነችና ከበላች፣ ካላስመለሳት፣ ዓይነ ምድር ካወጣችም ከሦስት ቀን በታች ከሆነ የሚከተለው በመጋዘኑ ሊደረግላት ይችላል።

ሀ. ውሃ። ንጹሕ ውሃ በሁለት ወይም በሦስት ሰፋ ያሉ ሳሕኖች፣ ከምግቧና ከመጸዳጃዋ ራቅ ተደርጎ ይቀመጥላት። በተጨማሪም ጨው፣ በርበሬና ሽንኩርት ያልገባበት የሥጋ መረቅ ለብ ብሎ ሊሰጣት ይችላል።

ለ. እርጥብ ምግብ። አጥንት የሌለው የተቀቀለና የተከተፈ ሥጋ፣ ጉበት በጥቂቱ፣ ወይም እሾሁ የወጣለት የተቀቀለ ዓሣ በመረቅ ረጥቦ ይሰጣት። ድርቆሽ፣ ቋንጣና አጥንት ይቁም።

ሐ. ዱባ። ያለ ቅመም የተቀቀለና የተደቆሰ ዱባ አንድ ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ ከምግቧ ጋር ቢቀላቀል ዓይነ ምድሩን ያለሰልሳል። ነገር ግን ዱባ የሚረዳው ውሃ ሲኖር ነው። ውሃ በሌለበት አሰር ያለው ምግብ መጨመር አንጀቱን ይበልጥ ይሞላዋል።

መ. መጸዳጃ። ንጹሕ አሸዋ ወይም ደረቅ አፈር ያለበት ሣጥን ጸጥ ባለ ቦታ ይዘጋጅላት። አመድ እግሯንና አፍንጫዋን ስለሚያቃጥል ለዚህ አይሆንም።

ሠ. ፀጉርና ንጽሕና። ፀጉሯ ይበጠር፤ በፊንጢጣዋ ዙሪያ የተጣበቀ ነገር ካለ ለብ ባለ ውሃ ረጥቦ በቀስታ ይነሳ። በመቀስ ለመቁረጥ የሚሞክር ሰው ቆዳዋን እንዳይቆርጥ ይጠንቀቅ።

ረ. እንቅስቃሴ። ታስራ ወይም በጠባብ ክፍል ተዘግታ አትቆይ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በ24 ሰዓት ውስጥ ለውጥ ካልታየ ወደ ክሊኒክ መውሰድ ያስፈልጋል።

7. መደረግ የሌለባቸው ነገሮች

ለድመት በቅን ልቦና የሚሰጥ ብዙ ነገር ድመትን ይገድላል። የድመት ጉበት ሰው የሚቋቋማቸውን አንዳንድ መድኃኒቶች አጣርቶ ለማስወገድ አይችልም። ስለዚህ፦

— ፓራሲታሞል ለሕመሟ ተብሎ አይሰጥ። አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ ብቻ ድመትን ሊገድል ይችላል።
— በመድኃኒት ቤት ለሰው የሚሸጥ፣ ፎስፌት ያለበት በፊንጢጣ የሚሰጥ ማጠቢያ ለድመት መርዝ ነው። የሳሙና ውሃም አንጀቷን ያቆስላል።
— ዘይትም ሆነ ፓራፊን በአፏ በግድ አይፈሰስ። ወደ ሳንባዋ ገብቶ የሳንባ ምች ያስከትላል። ከላይ የተጠቀሰው የዘይት ምክር በሆድ ድርቀትም ቢሆን ትክክል አልነበረም።
— የጉሎ ዘይት፣ ኮሶ፣ እንዶድና ሌላ ለሰው ወይም ለከብት ሆድ የሚታዘዝ የባህል መድኃኒት አይሰጥ።
— ወተት የድርቀት መድኃኒት አይደለም። ብዙ ያደጉ ድመቶች የወተትን ስኳር መፍጨት ስለማይችሉ ሆዳቸውን ይነፋቸዋል፤ ያስቀምጣቸዋል። ይህ ደግሞ ያለ ውሃ የቆየችን ድመት ይበልጥ ያደርቃታል።
— ወጥና የወጥ ፍትፍት አይሰጥ። በወጥ ውስጥ የሚገባው ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። በማብሰል ይህ ጠባያቸው አይጠፋም።
— ከአፏ ወይም ከፊንጢጣዋ ክር ወጥቶ ቢታይ አይጎተት። ሌላው ጫፍ የት እንደያዘ ስለማይታወቅ አንጀቷን ሊቆርጥ ይችላል። እንዳለ ሆኖ ወደ ሐኪም ትወሰድ።

8. ወደ ክሊኒክ መውሰድ የሚያስፈልግበት ጊዜ

ከሚከተሉት አንዱ ሲታይ በቤት ውስጥ ሙከራ መቀጠል አይገባም፦ ሽንት አለመኖሩ ወይም መጠራጠር፤ ሦስት ቀን ምንም ዓይነ ምድር አለመውጣት፤ ማስመለስ፤ አንድ ሙሉ ቀን ምግብ አለመብላት፤ ደም፤ ክር መዋጥ፤ ከመኪና ግጭት በኋላ የመጣ ድርቀት፤ በወር ውስጥ የተደጋገመ ድርቀት። ድመት ለብዙ ቀን ሳትበላ ስትቆይ የሰውነቷ ስብ በጉበቷ ላይ ተከማችቶ ሌላ ከባድ በሽታ ስለሚያመጣ፣ አለመብላትን ቀላል አድርጎ ማየት ስሕተት ነው።

ድመቷ የምትጓዘው አየር በሚያስገባ ቅርጫት ወይም በተበሳ ካርቶን ሲሆን፣ ከሥሯ ጨርቅ ይነጠፍላታል። በጆንያ ቋጥሮ መውሰድ የታመመችን ድመት ያፍናል። ለሐኪሙ የሚነገረው ዋና መረጃ ዕድሜዋ፣ ጾታዋ፣ ያለፉት ሦስት ቀናት ምግቧ፣ ሽንትና ዓይነ ምድር የታየበት ቀን፣ የተሰጣት ነገር ሁሉና በመጋዘኑ የተቀመጠ የአይጥ መርዝ ካለ ስሙ ነው። ስለ ተሰጠው መድኃኒት እውነቱን መደበቅ ሐኪሙን ያሳስታል።

ሐኪሙ እንደ ሁኔታው በመርፌ ፈሳሽ ሊሰጣት፣ ለብ ባለ ውሃ አንጀቷን ሊያጥብ፣ እንደ ላክቱሎዝ ያለ የሚያለሰልስ መድኃኒት ሊያዝላት፣ የጠጠረውንም በማደንዘዣ ሥር በእጁ ሊያወጣ ይችላል። መድኃኒት ከታዘዘ መጠኑ በክብደቷ የሚወሰን ስለሆነ ሐኪሙ ከነገረው አይጨመርም፤ አይቀነስም።

ማሳሰቢያ፦ ለሃጯ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃታት፣ ያለ ምክንያት የምትናከስ ወይም የምትንገዳገድ ድመት በእጅ አትያዝ። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል። እንዲህ ያለችው ድመት በር ተዘግቶባት ወዲያውኑ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። የነከሰችው ወይም የቧጠጠችው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

9. መከላከል

የመጋዘን ድመትን ከድርቀት ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ሥርዓት ነው።

በመጀመሪያ፣ ረሃብተኛ ድመት የተሻለች አዳኝ ናት የሚለው አስተሳሰብ መታረም አለበት። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ እንደሚባለው፣ የጠገበች ድመትም አደኗን አትተውም። የተራበችና ውሃ ያጣች ድመት ግን ትደክማለች፤ ትታመማለች፤ ወይም መጋዘኑን ትታ ወደ ጎረቤት ትሄዳለች። ስለዚህ በየዕለቱ ጥቂት እርጥብ ምግብና ንጹሕ ውሃ መስጠት የማኅበሩን እህል ለመጠበቅ የሚደረግ ወጪ ተደርጎ ይታይ። ምግቡ እንጀራ ብቻ እንዳይሆን ያስፈልጋል። ድመት ሥጋ በል እንስሳ ስለሆነች ከሥጋ ብቻ የምታገኘው ንጥረ ነገር ሲጎድልባት ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ።

ሁለተኛ፣ መጋዘኑ ሲዘጋ ድመቷ ውሃ፣ ምግብና መጸዳጃ አግኝታ መቆየቷ ወይም መውጫ ያላት መሆኑ ይረጋገጥ። መጋዘኑ እንደ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ባለ ጋዝ በሚያወጣ መድኃኒት በሚታጠንበት ጊዜ ግን ማንኛውም እንስሳ ውስጥ መቆየት የለበትም። ጋዙ ነፍሳትን ብቻ ሳይሆን ድመትንም ሰውንም ይገድላል። መጋዘኑ ተናፍሶ ክፍት ነው እስኪባል ድረስ ድመቷ አትመለስ።

ሦስተኛ፣ ሲባጎ፣ የመስፊያ ክርና የማዳበሪያ ጭረት በየዕለቱ ተለቅሞ ክዳን ባለው ዕቃ ይጠራቀም።

አራተኛ፣ ድመትና የአይጥ መርዝ በአንድ መጋዘን አብረው አይሄዱም። መርዝ የበላ አይጥ ይደክማል፤ ድመትም በቀላሉ ይዛ ትበላዋለች። መርዝ መጠቀም ግድ ከሆነ ድመቷ ከዚያ ትራቅ፤ የሞቱ አይጦችም በየማለዳው ተለቅመው በጥልቅ ይቀበሩ።

አምስተኛ፣ የመጸዳጃ ሣጥኖቹ ቁጥር ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ ይብለጥ፤ ቦታቸውም ከእህሉ የራቀ ይሁን። ዓይነ ምድሩ በየቀኑ ይነሳ። ይህ ለሰውም ጤና ያስፈልጋል። በድመት ዓይነ ምድር ውስጥ ሊኖር የሚችለው ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተሐዋሲ በሽታ ለማስያዝ የሚደርሰው ከወጣ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ስለሆነ፣ በዕለቱ ማንሳት አደጋውን ይቀንሰዋል። ተሐዋሲው በማኅፀን ያለን ፅንስ ስለሚጎዳ ነፍሰ ጡር ሴቶች ይህን ሥራ አይሥሩ። የሠራው ሰውም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

10. የሥራ ክፍፍልና መዝገብ

በዚህ ጽሑፍ የተነገረው በሥራ ላይ የሚውለው ኃላፊነቱ በስም ለአንድ ሰው ሲሰጥ ነው። የሁሉም የሆነች ድመት የማንም አይደለችም። ማኅበሩ ከመጋዘን ሠራተኞቹ አንዱን ወይም ዘበኛውን ተጠሪ አድርጎ ይመድብ።

ተጠሪው በአንድ ደብተር ላይ አራት ነገሮችን በየዕለቱ ምልክት ያድርግ፤ እነዚህም በላች፣ ጠጣች፣ ሸናች፣ ተጸዳዳች የሚሉት ናቸው። ይህ በቀን ከሁለት ደቂቃ የበለጠ አይወስድም። ድመቶቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው ይጻፍ፤ ማን እንደሸና ካልታወቀ የተጠረጠረው ድመት ለብቻው ይደረግ። በ«ሸናች» ረድፍ አንድ ቀን ባዶ ከሆነ በዚያው ዕለት፣ በ«ተጸዳዳች» ረድፍ ሁለት ቀን ባዶ ከሆነ በሁለተኛው ቀን ማታ እርምጃ ይወሰዳል።

የልማት ሠራተኛው መጋዘኑን በሚጎበኝበት ጊዜ የእህሉን እርጥበትና የነቀዝ ሁኔታ እንደሚያይ ሁሉ ይህን ደብተርም ይመልከት። የቅርቡን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ቦታና የስልክ ቁጥርም በመጋዘኑ በር ውስጥ በኩል አስጽፎ ያስለጥፍ። ከሙያው ውጪ የሆነ ጥያቄ ሲቀርብለት ደግሞ አላውቅም፣ ወደሚያውቀው እንሂድ ማለት ነውር አለመሆኑን ይገንዘብ።

11. ማጠቃለያ

የሆድ ድርቀት በመጋዘን ድመት ላይ የሚመጣው በአብዛኛው ከውሃ ማነስ፣ ከደረቅ ምግብና ከአጥንት፣ ከመጸዳጃም ማጣት ነው። በውሃ፣ በእርጥብ ምግብና በንጽሕና ይከላከሉታል፤ ሲጀምርም በእነዚሁ ያስተካክሉታል። ሦስት ቀን ያለፈው፣ የሚያስመልሳት ወይም የተደጋገመው ግን የሐኪም ሥራ ነው። የሚያምጥ ድመት ባጋጠመ ጊዜ ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ሽንቱን ያያችሁት መቼ ነው? የዚህ መልስ ከታወቀ በኋላ ስለ ሆዱ መነጋገር ይቻላል።